ክላሲካል ስከፍት እናቴ «ማን ሞተ?» ትለኛለች

ባለፈው ሐምሌ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ባባራ ማግስት፣ አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ረጅም ጥያቄ ለጠፍኩ። ሰው ይመልሳል ብዬ አልጠበቅኩም። ቢበዛ ሁለት ሰው አይዞህ ብሎ ያልፋል፣ ከዚያ ይረሳል ብዬ ነበር። እስከ መስከረም ድረስ 46 ምላሽ ተጻፈበት። መጀመሪያ ጥያቄዬን እንዳለ ላስቀምጥ። የተባለውን ደግሞ በቁጥሩ ተራ በራሴ አፍ እተርክላችኋለሁ። ሁሉንም አይደለም። አንዳንዱ ለመድገምም አይመችም።

ጥያቄው

ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ። 22 ዓመቴ ነው። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሁለት ሱስ አለብኝ፦ መጽሐፍና ክላሲካል ሙዚቃ። ቡናን አልቆጠርኩትም። እሱ ጅማ ውስጥ የሚመደበው ከምግብ ነው።

ሙዚቃው የያዘኝ 11ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ፊልም አለበት የተባለ ፍላሽ ተዋስኩ። ፊልሙ አልከፍት አለ። ስሙ በቁጥር ብቻ የተጻፈ አንድ የድምፅ ፋይል ግን ነበረበት። ቼሎ ነው። ያኔ ቼሎ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም፤ ግዙፍ መሰንቆ ነው የመሰለኝ። ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ። አንድ ሰው ብቻውን ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስላል። በዚያች ሌሊት ሦስቴ ሰማሁት። ባኽ የሚባል የድሮ ጀርመናዊ አቀናባሪ ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዎቼ። አንደኛ፣ እናቴ። ስፒከር ላይ በከፈትኩ ቁጥር ከጓዳ ወጥታ «ማን ሞተ?» ትላለች። ስትቀልድ አይደለም። እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማ መልስ ትጠብቃለች። ጓደኞቼ ደግሞ ፈረንጅ ይሉኛል። ሰፈሬ ፈረንጅ አራዳ ስለሆነ ቀልዱ ቀሏቸዋል። የናንተም ቤት እንዲህ ነው?

ሁለተኛ፣ እየሰማሁ ሳነብ ገጹን እጨርስና ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ሙዚቃውም አልፎኛል። ሁለቱን አጣምሮ የሚችል ሰው አለ?

ሦስተኛ፣ ሻጋታ። ክረምት በገባ ቁጥር መጽሐፎቼ ላይ አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። ባለፈው ዓመት ሁለቱን ጣልኳቸው።

አራተኛውን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ሥራ ቦታ ሰው ሙሉ መጽሐፍ ይዞ ይመጣና ኮፒ ይደረግልኝ ይላል። አደርጋለሁ። መጽሐፉን መስታወቱ ላይ ስደፋው ደራሲውን ራሱን በደረቱ ያስተኛሁት ይመስለኛል። ደሞዜ ግን የሚመጣው ከዚያ ነው።

ብቻዬን ነኝ ወይስ እንደኔ ዓይነት ሰው በዚህ ከተማ አለ?

ምላሾቹ

1ኛው አጭርና ጨዋ ነበር። እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ የሚኖር ሰው ነው። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ነገረኝና በወንድሜ ዘጋው። 2ኛውም ወንድሜ ብሎ ጀመረ። ኢርፎን ገዝቼ የእናቴን ልብ እንዳሳርፍ መከረኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አማርኛ በዚህ በኩል ምሕረት የለውም። አንተ ወይ አንቺ ሳይሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር መግፋት ከባድ ነው። እኔ ደግሞ ስለራሴ ስጽፍ ሴት መሆኔን የሚናገር አንድም ግስ አላስገባሁም። ሆን ብዬ አይደለም፤ «እኔ» ጾታ የለውም። ክላሲካል የሚሰማ የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ሲባል ለሁሉም የታያቸው ወንድ ነው። 3ኛው ብቻ እርስዎ ብሎ ተገላገለ። ዝም አልኩ። እስከ የት እንደሚሄድ ማየት ፈለግኩ።

4ኛው እስካሁን ከወደድኳቸው አንዱ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር እንደሆኑ ይናገራሉ። ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። የፈረዱት ለእናቴ ነው። በሳቸው ዘመን ሬዲዮው የተለመደ ፕሮግራሙን አቋርጦ ቃል የሌለው ሙዚቃ ማሰማት ከጀመረ፣ ዜናው ገና ሳይነገር ነጠላዋን የምታዘቀዝቅ ሴት ነበረች። ነሐሴ 2004 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያረፉ ሰሞን ቴሌቪዥኑ እንዴት እንደነበርም አስታወሱ። እናቴ ቼሎውን ስትሰማ ከኋላው የሚመጣውን ዜና እየጠበቀች እንደሆነ ነው ያስረዱኝ። እስከዚያ ቀን እናቴ ሙዚቃ አይገባትም ብዬ ነበር የማስበው።

5ኛው መምህሩን በትሕትና አረማቸው። እሱ የሚያስታውሰው የሐዘን ሙዚቃ ዋሽንት እንጂ የፈረንጅ ኦርኬስትራ አይደለም። ቢሆንም ቀስ ያለና ዘፋኝ የሌለው ነገር ሁሉ ለእናቶች ጆሮ አንድ እንደሚሆን ተስማማ።

6ኛው ቁጣ ይዞ መጣ። የቅዱስ ያሬድ አገር ሰው ጀርመን ድረስ ምን አስኬደው ባይ ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁም የሚለውን ተረት መዘዘብኝ። መጽሐፉንም ሙዚቃውንም የያዝኩት ለመታየት እንደሆነ ጻፈ። ይቺ አንጀቴን ነካችው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ስላልሆነች ነው። አንድ ሰሞን ባጃጅ ውስጥ የመጽሐፌን ሽፋን ወደ ውጭ አዙሬ እቀመጥ ነበር። ከጅማው መርካቶ እስከ አጂፕ አንድም ገጽ ሳልገልጥ የደረስኩበት ቀን አለ።

7ኛው ለሱ መልስ ነበር። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ መሆኑን፣ ዜማውም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል አስታወሰ። ከዚያ ስለ ምልክቶቹ አወራ። የዜማው መጽሐፍ ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ በቀጭኑ የሚጻፉት እነ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ርክርክ ድምፁን የት እንደሚይዙት፣ የት እንደሚያንቀጠቅጡት ይመራሉ። ይህን የተማረ ሰው የባኽን ኖታ ሲያይ ሩቅ ዘመድ ያገኘ ያህል እንደሚሰማው ነው የጻፈው። 6ኛውን ግን አልሰደበውም። እንዲያውም ቁጣው ከፍቅር የመጣ ነው ብሎ ከበረታበት ቦታ አወረደው።

8ኛዋ የጅሬን ልጅ ናት። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው መንገድ ላይ ነው ያደገችው። አያቷ ቤት ሐሙስ ማታ ሐድራ፣ የመንዙማ ጉባኤ ማለት ነው፣ ሲኖር፣ መንዙማው ከድቤው ጋር እያደገ እያደገ ሄዶ ቤቱን ሁሉ እንዴት እንደሚያነሳ ተረከች። አንድ ቀን የአንድ ሲምፎኒ መጨረሻ ሰምታ ያስታወሳት ያንን ነው። ቋንቋውን ያልለመደ ሰው መንዙማንም የለቅሶ ሊመስለው እንደሚችል ጨመረች። ቁም ነገር ነው። ማንም ግን አልመለሰላትም፤ 9ኛው ወዲያው የከተማ ኩራት ይዞ ገባ።

ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ነው። በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ተወለደ። ስለዚህ ጅማ ላይ ሙዚቃ መስማት ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። ይኸው ነበር ነጥቡ። 10ኛው ሙላቱ ኢትዮ ጃዝ እንጂ ክላሲካል እንዳልሆነ አረመው። ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም አሜሪካ በርክሊ መማሩን ግን አልካደም። ስለ ክላሲካል ከተነሳማ ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አንሡ አለና፣ ጎንደር ተወለዱ ብሎ ስህተት ሠራ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ከጎንደር ጋር ስማቸው ስለሚነሳ ይመስለኛል።

11ኛው ማረሚያውን ይዞ መጣ። በኋላ እንደገባኝ ከ46ቱ ሁሉ ለቤታችን የጠቀመው ይኼኛው ነው። እማሆይ የተወለዱት አዲስ አበባ ነው፣ በ1916። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖም እዚያ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከአንድ ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ተማሩ። ከዚያ ሁሉን ትተው መነኮሱ። ግሸን ማርያም ወደ 10 ዓመት ገደማ በባዶ እግራቸው ኖሩ። መጀመሪያ የተቀዳው ሸክላቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ነው። ያረፉት ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 2015፣ በ99 ዓመታቸው። ስሙን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የሌሊት ፓኬጅ እስኪገባ ጠብቄ አወረድኩት።

12ኛው ላይ ወሬው ተሰበረ። በመልካም መንገድ ነው የተሰበረው። አንዱ ጅማ ውስጥ ክላሲካል የማያውቅ ሰው የለም ብሎ ተነሣ። ያ የድሮ የኖኪያ ስልክ ጥሪ ፍራንሲስኮ ታሬጋ ከሚባል ስፔናዊ የጊታር ሰው ሥራ የተቆረጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የወጣ ዋልትዝ። ገበያ መሃል ኪሳችን ውስጥ ዓመታት ሲጮህ ኖሯል። 13ኛው አሳደገው። የቻምፒየንስ ሊግ መዝሙር ሄንደል የሚባል የድሮ አቀናባሪ እ.ኤ.አ. በ1727 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ጆርጅ ዘውድ መጫኛ ከጻፈው የመጣ ነው። ቶኒ ብሪትን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1992 ለኳስ አመቻቸው። ማክሰኞና ረቡዕ ዲኤስቲቪ ቤት ሻዩን አስቀምጦ ጸጥ ብሎ የሚሰማው ሕዝብ ሁሉ የሄንደል አድማጭ ነው ማለት ነው።

14ኛው አላመነም። ሄዶ የሄንደልን ሥራ አዳመጠ። 15ኛውም እሱው ነው፤ ተመልሶ መጣና እጁን ሰጠ። የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ምንም አይመስልም፣ መዘምራኑ ሲገቡ ግን ጸጉሩ እንደቆመ ጻፈ። ከዚያ የሚጠበቀው ሆነ። ከ16 እስከ 20 ያለው ሁሉ ኳስ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳበት ዓመት ተወራ። ያኔ ከተማው እንዴት እንዳደረ፣ ማን በማን ትከሻ ላይ እንደወጣ። እኔም ያን ቀን አስታውሳለሁና አልተቆጣሁም።

21ኛው እኔ ነኝ። ወደ ጥያቄው እንመለስ ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ሴት መሆኔንም ተናገርኩ። 22ኛው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ 2ኛውን የጻፈው ሰው ነው፣ አፍሮ ነበር። 23ኛው ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር ባይ ነው፤ እናቱ ሽርጥ መልበሷን ያየ ወንድ ልጅ የለም ነው ምክንያቱ። ሳቅኩ። 24ኛው ስልክ ቁጥሩን አስቀምጦ ለብቻችን ሙዚቃ እንድንሰማ ጋበዘኝ። ማታውኑ ተሰረዘ። ቁጥሩ ብቻ ክፍት ቀርቷል፤ 24 የሚባል ባዶ ቦታ።

ከዚያ ንባብ ተነሣ። 25ኛዋ የሥነ ልቦና ተማሪ ናት። የምትረዳው ቋንቋ የተዘፈነበት ሙዚቃ ከምታነበው ቃል ጋር ለአንድ በር ይጋፋል አለች። ቃል የሌለው ይሻላል። ግን የምትወጂው ከሆነ እሱም ይጎትትሻል። የሷ መላ፣ ስታነብ መቶ ጊዜ የሰማችውን ብቻ መክፈት ነው። አዲስ ሙዚቃ ስትሰማ ደግሞ መጽሐፉን ትዘጋለች። ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።

26ኛዋ ነፍሰ ጡር ናት። ሞዛርት ለፅንሱ አእምሮ ጥሩ ነው ስለተባለች ሆዷ ላይ ኢርፎን ታደርጋለች። 27ኛው ምስኪኗ ላይ ጠነከረባት። ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ከተሠራ ጥናት ነው። ተማሪዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም። አሥር ደቂቃ ሞዛርት ሰምተው አንድ ዓይነት የቅርፅ ጥያቄ ትንሽ ተሻላቸው። ለውጡም ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጠፋ። ሌሎች ሲደግሙት ብዙዎቹ አላገኙትም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ገዢ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሲዲ ይሰጥ ብሎ በጀት ጠየቀ። እውቀቱ ጥሩ ነው፤ አነጋገሩ ግን ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሴትየዋ አልተመለሰችም። ቢያንስ ኢርፎኑን ወደ ጆሮዋ ታዙረው።

28ኛው የጅማ ሰው መሆኑ ገና በመጀመሪያው መስመር ታወቀ። ትልቁ ችግር እናትም ጓደኛም አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው ብሎ ጀመረ። ትክክል። ፒያኖው ቀስ እያለ፣ ዝቅ እያለ ይሄድና ልክ ሊነካሽ ሲል ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። ሲያባራ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ሰውየው ሙዚቃ የሚመርጠው በደመናው ነው። ሰማዩ ከጠቆረ ኦርጋንና የቤትሆቨን ሲምፎኒ፣ በጋ ማታ ጊታርና ቼሎ። 29ኛው ኮርኒስ አስመታ ብሎ መከረው። የኮርኒስ ዋጋ ተጠየቀ። ማንም ዋጋውን አልተናገረም፣ ሁሉም ግን አማረረ።

ከ30 እስከ 33 ሻጋታ ነው። ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገር።

መጽሐፎቼን የማስቀምጠው አልጋ ሥር በካርቶን ነበር። 30ኛው ይህን ሲሰማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ካርቶን እርጥበት ይጠጣል፣ ወለሉ ይተነፍሳል፣ አየር የለም። መጽሐፍ መቆም አለበት፣ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ርቆ። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። 31ኛዋ ደረቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥሬ በመጽሐፎቹ መሃል እንዳስቀምጥ፣ በየሳምንቱም አውጥቼ ምድጃ ዳር እንዳደርቀው ነገረችኝ። 32ኛው ፀሐይ ላይ አውጪው ብሎ ነበር፤ 30ኛው ተመልሶ ተቆጣው። የቀጥታ ፀሐይ ገጹን ያኮማትራል፣ ማጣበቂያውንም ይሰብራል። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ ባለበት፣ ገጹን በትኖ። የደረቀውን ሻጋታ ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ፣ አፍንጫን ሸፍኖ። በእርጥብ ጨርቅ ከነካሽው ቀለም እንደመቀባት ነው፣ ወደ ውስጥ ይገባል።

እኔ ሳደርግ የኖርኩት እርጥብ ጨርቁን ነው።

33ኛው የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን አትብላ የሚል የተጻፈባቸውን ትንንሽ ከረጢቶች አስታወሰ። ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ ጫማ ሻጮቹን ለመንኩ። አንዱ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለመጽሐፍ አልኩት። በጣም ሳቀ፣ ከዚያ በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። አሁን በየሁለት መጽሐፉ መሃል አንድ አንድ አለ። የአንዱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ግን አረንጓዴው ቦታ አሁንም አለ። በአውራ ጣቴ ሳሸው የምድር ቤት ሽታ ይሸተኛል። ገጽ 40 እና 41 እንደተጣበቁ ናቸው፤ ለማላቀቅ እጄ አልደፈረም። ታሪኩ ከዚያ ዘልሎ ይቀጥላል።

ከ34 እስከ 41 ጦርነት ነው። ፎቶ ኮፒው።

34ኛው ተማሪ ነው። መጽሐፉን ቢገዛ የሳምንት ምሳው እንደሚሄድ ጻፈ። 35ኛዋ ገጣሚ ናት። በራሷ ገንዘብ አሳትማ ቅጂዎቹ አልጋዋ ሥር ተደርድረው ቀርተዋል። አንድ ቀን ካምፓስ በር ላይ የራሷን መጽሐፍ በስፓይራል ተጠርዞ በአንድ ልጅ እጅ አየችው። ልጁ እያነበበ ነበር። ደስ ይበላት ይክፋት እንዳላወቀች፣ አጠገቡ ቆማ ባጃጅ የምትጠብቅ መስላ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሰ ለማየት እንደሞከረች ተረከች። ካነበብኩት በኋላ ማሽኑን ሳበራ እጄ ከበደኝ።

36ኛው ሌባ አለኝ። በአጭሩ። 37ኛው ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ጠብ ሳይጨምር ጻፈ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ለግል ጥቅም ጥቂት መገልበጥ አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ መጽሐፍ መገልበጥ ግን በዚያ አይሸፈንም።

38ኛው ባኽን ራሱን ምስክር አድርጎ አመጣው። ባኽ ወላጆቹን በአሥር ዓመቱ አካባቢ አጥቶ ታላቅ ወንድሙ ቤት ነው ያደገው። ወንድሙ የኖታ መጽሐፍ ነበረው፤ ቆልፎበታል። ልጁ ትንሿን እጁን በቁም ሣጥኑ ፍርግርግ አሾልኮ መጽሐፉን ጠቅልሎ ያወጣና ማታ ማታ በጨረቃ ብርሃን ይገለብጥ ነበር። ስድስት ወር ፈጀበት። ሲጨርስ ወንድሙ ደረሰበትና ቅጂውን ነጠቀው። ታሪኩ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1754 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አለ። ስለዚህ የምትሰሚው ሰው ራሱ ኮፒ አድራጊ ነው፣ ተጽናኚ ነው ነገሩ።

39ኛው አልለቀቀውም። ስድስት ወር በጨረቃ የገለበጠ ልጅ መጽሐፉን ተማረ። አዝራር የተጫነ ሰው ምን ተማረ? ለዚህ ዛሬም መልስ የለኝም። 40ኛው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የ6ኛው ቁጡ። ለኔ ቆመ። ደሞዝተኛን ሌባ ማለት ቀላል ነው፣ ወንድ የሆነ የማሽኑን ባለቤት ይናገር ብሎ 36ኛውን አፈረጠው። ባኽን ግን አሁንም አልሰማም አለ። 41ኛዋ ሙሉ መጽሐፍ አንሠራም የሚል ወረቀት እንድለጥፍ መከረችኝ። ለአሠሪዬ ነገርኳቸው። ለጥፊው፣ ሥሩ ላይ ደሞዝሽንም አብረሽ ለጥፊው አሉኝ። አልለጠፍኩም። ግጥም መጽሐፍ ሲመጣ ግን ማሽኑ ወረቀት ይነክሳል። ሁሌ።

42ኛው ለማብረድ ይመስለኛል ቡና አመጣ። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ ላይፕዚግ ውስጥ ስለ ቡና የጻፈው አስቂኝ የመድረክ ሙዚቃ አለ፣ ያቀርብ የነበረውም ቡና ቤት ውስጥ ነው። አባት ልጁን ቡና ካልተውሽ ባል የለም ይላታል። እሺ ትላለች። በስውር ግን ቡና የማይከለክላት መሆኑን በጋብቻ ውሉ ላይ ያልፈረመ ሰው ቤቴ አይገባም ብላ ታስነግራለች። ጅማ ላይ ይህን የሰማ ሰው ዘመዱን ያገኘ ያህል ነው። 43ኛው ግን ቡናው የኛ ነበር ተብሎ ሊወራ እንደሆነ ገምቶ ቀደመ፦ የቡና ዘር መነሻው የኛ ደን ነው፣ የዚያን ጊዜ አውሮፓ ይጠጣ የነበረው ግን ከየመን ሞካ ወደብና ሆላንዶች ጃቫ ካስተከሉት የሚሄድ ነው። ገና ምንም ሳንል ታረምን።

44ኛው ስለ ኦፔራ አይዳ ጻፈ። ባለታሪኳ የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ መጀመሪያ የታየው ካይሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1871። በኦፔራው ግብፅ ኢትዮጵያን ታሸንፋለች። ያሠራው የግብፅ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ከአራት ዓመት በኋላ እውነተኛ ጦር ላከ፤ ጉንደትና ጉራ ላይ እንዴት እንደተሸነፈ ሁሉም ያውቃል። ጸሐፊው በዚህ በጣም ተደስቶ ነበር። እኔም ትንሽ።

45ኛው መምህሩ ናቸው። በመስከረም መጀመሪያ ተመልሰው መጡ። ስለ ቡናም ስለ ኦፔራም ምንም አላሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትሽስ ምን አለች?

46ኛው የኔ መልስ ነው። የዕንቁጣጣሽ ማግስት ማታ መብራት ሄደ። ስፒከሩ ቻርጅ አልነበረውም። ስልኬን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሜ የእማሆይን ፒያኖ ከፈትኩ። ዝናብ የለም። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በሻማ ምስር ትለቅም ነበር። ማን ሞተ አላለችም። ትንሽ ቆይታ እጇ ቆመ። ማን ነው የሚመታው አለችኝ። መነኩሲት ናቸው አልኳት፤ ግሸን ማርያም የኖሩ፣ ባዶ እግራቸውን። ምስሩን አስቀመጠችና ብርጭቆውን ወደ ራሷ አስጠጋች። እስኪያልቅ ሰማችው። ድገሚው አለች። ደገምኩት።

ከዚያ ወደ በሩ እያየች፣ «በይ ትንሽ ቀንሺው፤ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት ይመጣል» አለችኝ።